የሳሎናችን ግድግዳ እርጥበት ከየት ይመጣ ነበር?

በሐዋሳ የምንኖርበትን ቤት በ2012 ዓ.ም. ስንገዛው የሳሎኑ ግድግዳ ደረቅ ነበር። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምጽፈው፣ ችግሩ ከመጣ በኋላ ጎረቤቱም ዘመዱም «ሐዋሳ ቤት የገዛ ሰው እርጥበቱንም አብሮ ነው የሚገዛው፤ የሐይቁ ነው» እያለ ሲያጽናናን፣ እኔም ቀስ በቀስ ግድግዳው ድሮም እንደዚያው እንደነበረ ማመን ጀምሬ ስለነበር ነው። ቤታችን ግን ሐይቁ ዳር አይደለም። ወደ ታቦር ተራራ በኩል፣ ከፍ ካለው ሰፈር ነው የምንኖረው። ይህችን ልዩነት በጊዜ አስተውዬ ብጠይቅ ኖሮ ከአንድ ዓመት በላይ ድካምና ብዙ ገንዘብ በተረፈኝ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ነው። በሳሎኑ የውጭ ግድግዳ ላይ፣ ከግድግዳው ግርጌ ካለው የሴራሚክ ዞኮሎ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ የሰሃን ስፋት ያለው ጠቆር ያለ ምልክት ታየ። መስከረም ላይ የሰፌድ ያህል ሆነ። መሃሉ እርጥብ አመድ ይመስላል፤ ጠርዙ ላይ ቀለሙ አብጦ በጣት ሲነኩት እየተፈረፈረ ይወርዳል፤ ከሥሩ ደግሞ ነጭ፣ እንደ ጥጥ የለሰለሰ ነገር ይወጣል። ያ ነጭ ነገር ሻጋታ መስሎኝ በበረኪናና በውሃ ሳጥበው ከረምኩ። ሻጋታ አልነበረም። ውሃ በሲሚንቶውና በብሎኬቱ ውስጥ ሲያልፍ አሟሙቶ ያመጣው፣ ውሃው ሲተን ላዩ ላይ የቀረ ጨው ነው። በውሃ ባጠብኩት ቁጥር ጨዉን አሟምቼ መልሼ ወደ ግድግዳው አስገባው ነበር። የእናንተም ግድግዳ እንዲህ ዓይነት ነጭ ነገር ካወጣ በደረቅ ብሩሽ ጠርጋችሁ በአካፋ አንሡት እንጂ ውሃ አታስነኩት።

የመጀመሪያው ትልቅ ስሕተቴ ቀለም ነበር። መስከረም 2015 ላይ ከቀለም ቤት ፀረ-እርጥበት የተባለ ቀለም ገዝተን፣ የተነሣውን ቀለም ፍቀን፣ ሁለት ጊዜ ደራርበን ቀባን። ለአምስት ሳምንታት ግድግዳው አዲስ መስሎ ቆየ። ከዚያ ኅዳር ላይ ቀለሙ እንደ ፊኛ ተነፋ፤ ባለቤቴ በጥፍሩ ቢነካው ከውስጡ የውሃ ጠብታ ወረደ። እኛ የሸፈንነው የውሃውን መውጫ ነበር፤ መግቢያው የት እንደሆነ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ሁለተኛው ስሕተት የባሰ ነው፤ ለመጻፍም ትንሽ ያሳፍረኛል። የገና ሰሞን እንግዳ ይመጣብናል ብዬ ቡፌውን ገፍቼ ምልክቱ ላይ አስጠጋሁት። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ማንም አላየውም፤ እኔም ረሳሁት። ብርጭቆ ለማውጣት በከፈትኩት ቁጥር ግን የቆየ ጆንያ የሚመስል ሽታ ይመጣ ጀመር። አንድ ቀን ቡፌውን ብንስበው የጀርባው ኮምፔንሳቶ እንደ እርጥብ ካርቶን ተልጦ፣ በጥቁር ሻጋታ ተሸፍኖ አገኘነው። በዚያ ሰሞን ትንሹ ልጄ ሌሊት ሌሊት ያስለው ነበር። ሻጋታው አምጥቶበት ይሁን ጉንፋን ይሁን መናገር አልችልም፤ ነገር ግን አስም ወይም አለርጂ ያለበት ሰው ካላችሁ እንዲህ ያለ ግድግዳ ባለበት ክፍል አታስተኙት። ዕቃ ማስጠጋት ምልክቱን ከዓይን ቢሰውርም አየር እንዳያገኘው ያደርጋል፤ አየር ያላገኘ እርጥበት ደግሞ ለሻጋታ የተመቸ ነው።

መጋቢት 2015 ላይ ለሳኝ ጠራን። ልስኑን እስከ ብሎኬቱ ድረስ አንሥቶ፣ ውሃ የማያሳልፍ ማጠናከሪያ የተቀላቀለበት ሲሚንቶ ወፍራም አድርጎ ለሰነው። ሥራው ንጹሕ ነበር፤ ሰውየውም ያለው እውነት ነበር፤ በዚያ ልስን ውሃ አልወጣም። ውሃው ግን መውጫ ሲያጣ ወደ ላይና ወደ ጎን ሄደ። በሁለት ወር ውስጥ አዲሱን ልስን እንደ ፍሬም ከብቦ፣ አሮጌው ልስን ላይ ብቅ አለ። ቀድሞ ከዞኮሎው በላይ ሁለት ስንዝር የነበረው ቁመት አራት ስንዝር ደረሰ። ውሃው እየገባ ሳለ መውጫውን መዝጋት ትርፉ ይህ ነው።

በመካከሉ የቧንቧ ሠራተኛ አላሳየንም እንዳትሉኝ፤ አሳይተናል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ሊሳሳትበት ይችላል የምለው ነገር ያለው። ሠራተኛው የቤቱን ቧንቧዎች ሁሉ ዘግቶ ቆጣሪውን ግማሽ ሰዓት ያህል ተመለከተ። ቆጣሪው ንቅንቅ አላለም። «ቧንቧችሁ ጤነኛ ነው፤ የመሬት እርጥበት ነው» ብሎ ሄደ። እኔም በበኩሌ የሒሳብ ሠራተኛ እንደመሆኔ የአንድ ዓመት ከመንፈቅ የውሃ ክፍያ ደረሰኞችን አውጥቼ አስተያየሁ፤ ጭማሪ የለም። ከዚያ በኋላ ቧንቧን ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር ሙሉ በሙሉ ሰረዝኩት። በሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ፣ በሳምንት ሁለት ሌሊት እንደሆነና፣ ሠራተኛው የመጣበት ቀን ውሃ ያልመጣበት ቀን እንደነበረ ያሰብኩት ከብዙ ወራት በኋላ ነው። መስመሩ ውስጥ ውሃ ሳይኖር ቆጣሪ የሚያፈስ ቦታ መኖሩን ሊነግረን አይችልም። እኛ በዚያ ቀን የምንጠቀመው ከሮቶው ነበር፤ የሮቶው ውሃ ደግሞ በቆጣሪው አያልፍም።

የሰኔው ሙከራ ከሁሉም ይበልጥ አሳሳተን። ከሳሎኑ ውጭ፣ ግድግዳውን ተጠግቶ፣ የአበባ መደብ ነበረን፤ አፈሩ ከሳሎኑ ወለል ከፍ ብሎ ነበር። ይህ በእውነትም ስሕተት ነው፤ ከውጭ ያለው አፈር ከቤቱ ወለል ቢያንስ አንድ ስንዝር ዝቅ ማለት አለበት። መደቡን አፈረስን፣ አፈሩን አስወጣን፣ ተሰንጥቆ ግድግዳው ላይ ያንጠባጥብ የነበረውን አሸንዳም አስቀየርን። ሐምሌ ገባ፤ ዝናቡ ዶፍ ሆነ፤ ምልክቱ ግን እየጠበበ፣ እየነጣ ሄደ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ በእጅ ሲዳሰስ ደረቅ ነበር። ባለቤቴ «በቃ፣ አበባው ነበር» አለ፤ እኔም እህቴን ደውዬ «አበባ ግድግዳ ሥር እንዳትተክሊ» ብዬ መከርኳት። ጥቅምት 2016 ላይ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ምልክቱ ተመልሶ መጣ።

በዝናብ ደርቆ በፀሐይ የሚረጥብ ግድግዳ ይዤ እንደ ዕንቆቅልሽ ስመለከተው፣ ያቻኮለኝ ሌላ ነገር ሆነ። ኅዳር መጀመሪያ ላይ በምልክቱ ጠርዝ ባለው ሶኬት የስልክ ቻርጀር ስሰካ ክንዴን እስከ ትከሻዬ ነዘረኝ። በዚያው ሰዓት የሶኬቱን መስመር ከማከፋፈያው አጠፋነው፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ መጥቶ ሽቦውን እስኪያላቅቀውም ድረስ አልተበራም። እርጥበቱ ሶኬት ወይም ማብሪያ ማጥፊያ አጠገብ ከደረሰ ምክንያቱን ከመፈለጋችሁ በፊት ይህን አድርጉ። እኔ የዘገየሁበት ነገር ቢኖር ይህ ነው።

መፍትሔው የመጣው ለጎረቤታችን አጥር ከሚሠሩ አንድ አዛውንት ግንበኛ ነው። ጎረቤቴ «እስቲ ጋሼ ይዩት፣ ብዙ ቤት ሠርተዋል» ብላ ቡና ላይ ይዛቸው መጣች። ግድግዳውን ሳይነኩ፣ ተቀምጠው፣ ስኒያቸውን እንደያዙ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ሐይቁ ነው ይላሉ ጋሼ» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ሐይቁ ያን ሁሉ ሰው ቤት አልፎ እዚህ ድረስ ሲመጣ፣ ያንቺን ሳሎን አንዷን ሜትር ብቻ ለምን መረጠ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ቀጥለው መቼ እንደሚብስበት ጠየቁኝ። ከዞኮሎው በላይ፣ ከሶኬቱ ወደ ግራ ሲል እንደሚብስ ነገርኳቸው። «የት ነው የሚብሰው አላልኩሽም፤ መቼ ነው የሚብሰው ነው ያልኩሽ» አሉ። «ሁልጊዜ ነው» አልኩ። «እርጥበት ሁልጊዜ የሚባል ነገር አያውቅም። ሄዶ ይመለሳል፤ የሄደበትንና የተመለሰበትን ቀን ያዢልኝ» ብለው ሁለት ነገር አዘዙኝ።

አንደኛው ፕላስቲክ ነው። ግልጽ የሆነ፣ አንድ ክንድ በአንድ ክንድ የሚሆን ፕላስቲክ ቆርጠው፣ በምልክቱ ጠርዝ በኩል እርጥበቱ ባልጠነከረበት ቦታ ላይ አራቱንም ጎን በፕላስተር አጣብቀው ዘጉት። በሁለተኛው ቀን ስናየው ወደ ክፍሉ ያለው ፊት ደረቅ ነው፤ ወደ ግድግዳው ያለው ፊት ግን ድስት ክዳን ላይ እንደሚታየው በጠብታ ተሞልቷል። ጠብታው ከውጭ በኩል፣ ማለትም ከክፍሉ ወገን፣ ቢሆን ኖሮ ከአየሩ ውስጥ ያለ እንፋሎት ቀዝቃዛ ግድግዳ አግኝቶ ወደ ውሃ የተለወጠ ይሆን ነበር። ከኋላ ስለሆነ ውሃው ከግድግዳው ውስጥ ነው የሚመጣው። አንድ ብር የማያስወጣ ይህ ሙከራ ግማሹን ጥያቄ ይመልሳል፤ ከዚያ በፊት አንድም ሰው ስለ እርሱ አልነገረንም።

ሁለተኛው እርሳስ ነው። የምልክቱን ጠርዝ በየቀኑ ጠዋት በእርሳስ እያሰመርኩ ቀኑን አጠገቡ እንድጽፍ፣ በደብተርም ላይ ያ ቀን ዝናብ የዘነበበት፣ ውሃ የመጣበት፣ ልብስ ያጠብንበት፣ ሻወር የተወሰደበት መሆኑን እንድመዘግብ ነገሩኝ። ይህ ሥራዬ ነውና አልከበደኝም፤ እንደ ባንክ ሒሳብ አስታራቂ አራት ዓምድ ሠርቼ ያዝኩት። የመጀመሪያው ሳምንት ምንም አልነገረኝም። በአራተኛው ሳምንት ግድግዳው ላይ የተሰመሩት መስመሮች እንደ ተራራ ካርታ ተደራርበው ሳያቸው፣ ከደብተሩ ጋር አስተያይቼ ቁጭ አልኩ። በ26 ቀናት ውስጥ ዝናብ አንዴ ብቻ ካፍቷል። ውሃ ግን ማክሰኞና ዓርብ ሌሊት ይመጣ ነበር፤ መስመሩም ረቡዕና ቅዳሜ ከሦስት እስከ አራት ሳንቲ ሜትር ከፍ እያለ፣ በሚቀጥሉት ቀናት ቀስ እያለ ይወርዳል። አንድም ሳምንት አልዛነፈም።

ያኔ ነው የክረምቱ ዕንቆቅልሽ የተፈታው። በሐምሌና በነሐሴ ሰፈራችን ውስጥ መንገድ ሲቆፈር የውሃ መስመሩ ተቆርጦ ለ7 ሳምንታት ያህል በቦቴ ውሃና በጀሪካን ነበር የኖርነው። ግድግዳውን ያደረቀው የአበባው መደብ መፍረስ ሳይሆን የቧንቧው መድረቅ ነበር። አንድ ነገር ካደረግን በኋላ ሌላ ነገር ስለተሻለ ብቻ ያደረግነው ነገር አሻለው ማለት እንዳልሆነ በሥራ ቦታ ሌሎችን የማርምበት ነገር ነው፤ በቤቴ ግን ስምንት ሳምንት ሙሉ ተታለልኩበት።

ከዚያ በኋላ ሥራው በአንድ ሌሊት የሚያልቅ ሆነ። ዓርብ ምሽት፣ ውሃ መምጣቱን ካረጋገጥን በኋላ፣ ወደ ሮቶው የሚያስገባውን መዝጊያ ዘጋን፤ በቀጥታ ከመንገዱ መስመር የሚጠቀመውን የግቢ ቧንቧም አጠበቅን። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ቆጣሪውን በስልክ ፎቶ አነሣሁት፤ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ደግሜ አነሣሁ። ጥቁሮቹ ቁጥሮች ያው ነበሩ፤ ቀዮቹ መቁጠሪያዎች ግን 7 ሊትር ጨምረዋል። ይህን ልብ በሉ፤ ጥቁሮቹ ቁጥሮች የሚቆጥሩት በሜትር ኩብ ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር ነው። ክፍያ የሚሰላው በጥቁሮቹ ስለሆነ፣ በሳምንት ሁለት ሌሊት የሚያንጠባጥብ ቧንቧ በወር ውስጥ ደረሰኝ ላይ ላይታይ ይችላል። እኔ በደረሰኝ ስፈልገው የነበረው ነገር ደረሰኝ የማያሳየው ነገር ነበር። የሚያንጠባጥብ ነገር ፍለጋ ሲሆን ቀዮቹን፣ ወይም በቆጣሪው መሃል ያለችውን ትንሽ የምትሽከረከር ምልክት ተመልከቱ፤ ሁሉም ነገር ተዘግቶ እርሷ ከዞረች ውሃ የሆነ ቦታ እየሄደ ነው።

የሮቶው መግቢያ ተዘግቶ ሳለ ቆጣሪው ከዞረ ችግሩ ያለው ከቆጣሪው እስከ ሮቶው ባለው መስመር ላይ ብቻ ነው። ቆጣሪው ባይዞር ኖሮ ቀጣዩ ሙከራ ከሮቶው ወደ ቤት የሚወርደው መስመር ይሆን ነበር፤ እርሱ ደግሞ ማታ የሮቶውን ውሃ ከፍታ ምልክት አድርጎ፣ ማንም ቧንቧ ሳይከፍት አድሮ፣ ጠዋት በማየት ይታወቃል። እኛ ይህ አላስፈለገንም።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ሌሊት አዛውንቱ ረጅም ካቻቢቴ ይዘው መጡ። መንደሩ ጸጥ ሲል የካቻቢቴውን ጫፍ ቧንቧው ከመሬት ወይም ከግድግዳ በሚወጣበት ቦታ ሁሉ እያስነኩ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ያዳምጡ ነበር። ቆጣሪው ጋ ምንም የለም። የግቢው ቧንቧ ጋ በስሱ ይሰማል። ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ ቧንቧው ከግድግዳው ወጥቶ ወደ ሮቶው ማማ በሚወጣበት ቦታ ላይ ግን ፈገግ ብለው እጀታውን ለእኔ ሰጡኝ። ጀበና ሊገነፍል ሲል የሚያሰማው ዓይነት፣ የማይቋረጥ ቀጭን ሹክሹክታ ነበር።

በማግስቱ ከወጥ ቤቱ ላቫንዲኖ ሥር ሦስት ሴራሚክ ተነሣ። ከኋላው ያየሁትን አልረሳውም። በ2013 ዓ.ም. ወጥ ቤቱን ስናሳድስ አዲሱን መስመር ከአሮጌው የብረት ቧንቧ ጋር ያገናኘው ሰው፣ ቧንቧው ቶሎ እንዲይዝለት የመገናኛውን የብረት ጎሚቶ (ቧንቧው የሚታጠፍበትን ማያያዣ) በጄሶ ለስኖበት ነበር። ጄሶው ሊጥ ሆኗል፤ በመሃሉ ደግሞ የዛገው ብረት እንደ ቡና አተላ ጠቁሮ ይታያል። ግንበኛው በጣታቸው ጠረግ ሲያደርጉት ከጎሚቶው ጥርስ፣ ከሚጠመዘዝበት ቦታ ላይ፣ መርፌ የሚያህል የውሃ ክር ፊታቸው ላይ ፈነጠቀ። ሲሚንቶ ብረትን ከዝገት ሲጠብቅ ጄሶ ግን እርጥበት ይይዝና ያዝገዋል፤ ስለዚህ የብረት ቧንቧ በጄሶ አይታሰርም። ይህን ከመጀመሪያው ባውቅ ኖሮ በዚያ ቀን ቆሜ አላየውም ነበር።

የሚገርመው ጎሚቶው ከሳሎኑ ምልክት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይርቃል፤ ያውም በሌላ ክፍል ውስጥ ነው። ነገሩን ያስረዱኝ አንድ የተረፈ ብሎኬት አንሥተው ቀዳዳውን እያሳዩ ነው። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው። ውሃው በብሎኬቱ ቀዳዳ ቁልቁል ወርዶ፣ ከግድግዳው ሥር ያለው የኮንክሪት ቢም ላይ ይደርስና ወደ ዘቀዘቀበት አቅጣጫ ይሄዳል፤ የእኛ ቢም ወደ ሳሎኑ ዘቅዝቋል። ወጥ ቤቱ በሴራሚክ ስለተሸፈነ እዚያ ምልክት ሊታይ አልቻለም፤ ሳሎን ሲደርስ ግን ያልተሸፈነ ልስን አገኘና ወጣ፤ ከዚያም ልስኑ እንደ ኩራዝ ክር ወደ ላይ መጠጠው። ምልክቱ የሚታይበት ቦታ ውሃው ለመውጣት የተመቸው ቦታ እንጂ የሚገባበት ቦታ ላይሆን ይችላል። እኛ ደግሞ አንድ ዓመት ሙሉ የቆፈርነው የሚወጣበትን ነበር።

አሮጌውን መስመር ቆርጠን ደፈንነውና በምትኩ በሙቀት የሚበየደውን የፒፒአር ቧንቧ ከግቢው ቧንቧ እስከ ሮቶው ድረስ በግድግዳው ላይ፣ በውጭ በኩል፣ በማያያዣ አስሮ የሚዘረጋ ሰው አመጣን። ይህ ቧንቧ ፀሐይ በቀጥታ ሲያገኘው እየደረቀ ስለሚሰነጠቅ ሽፋን ተደርጎለታል። ሥራው ከነዕቃው 4,200 ብር ፈጀ። ለቀለም፣ ለልስን፣ ለአሸንዳና ለአበባው መደብ ያወጣነው ሲደመር 31,000 ብር አልፎ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ አላስፈላጊ ነበር የማልለው የአሸንዳውና የአበባው መደብ ወጪ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ትዕግሥት ለሌላቸው ሰዎች አንድ ነገር ልበል። ቧንቧው ተጠገነ ማለት ግድግዳው ደረቀ ማለት አይደለም። እኔ በማግስቱ ለሳኝ ልጠራ ስል አዛውንቱ ተቆጡኝ። እርጥብ የነበረውን ልስን፣ ከምልክቱም በሁሉም አቅጣጫ ሁለት ስንዝር ያህል አልፈን፣ እስከ ብሎኬቱ አነሣነው፤ ከዚያ ከጥር እስከ ሚያዝያ 2016 ድረስ ብሎኬቱን ራቁቱን ትተን መስኮት እየከፈትን ኖርን። እንግዳ ሲመጣ ይቅርታ መጠየቅ ልማዴ ሆነ። ከብሎኬቱ ላይ የሚወጣውን ጨው በየሳምንቱ በደረቅ ብሩሽ እጠርግ ነበር፤ መጀመሪያ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል፣ በኋላ ቁንጥር፣ በመጨረሻም ምንም። ለእያንዳንዱ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል የግድግዳ ውፍረት አንድ ወር ጠብቁ የሚባል የግንበኞች ልማድ አለ፤ በሐዋሳ የበጋ ፀሐይና ባዶ ልብ ባለው ብሎኬት ከዚያ ፈጥኖ ደርቆልናል፤ ቢሆንም ፕላስቲኩን ደግመን አጣብቀን ከኋላው ጠብታ አለመኖሩን ሳናይ አላስለሰንም። የተለሰነውም በተራ የአሸዋና ሲሚንቶ ልስን ነው፤ የተቀባውም በውሃ በሚቀጠን ቀለም ነው፤ የዘይት ቀለም የቀረውን እርጥበት አፍኖ ያስቀረዋልና።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሰዎች ግድግዳቸውን እንድመለከትላቸው ይጠሩኝ ጀመር፤ ባለሙያ አይደለሁም፤ ግን መቼ እንደሚብስ እጠይቃለሁ። ዝናብ በዘነበ በሰዓታት ውስጥ የሚረጥብ፣ በተለይም ከላይ፣ ከኮርኒሱ በኩል የሚጀምርና ጠርዙ ቡናማ የሆነ ምልክት ወደ ቆርቆሮውና ወደ አሸንዳው ይመራል። ሻወር በተወሰደ ቁጥር የሚብስ ከሆነ ፍሳሹን ነው የምጠረጥረው፤ የፍሳሽ ቱቦ ውስጥ ውሃ የሚኖረው ስንጠቀም ብቻ ስለሆነ ቆጣሪ አይነግረንም፤ ስለዚህ ያንን መታጠቢያ ቤት ለአሥር ቀን አለመጠቀምና ምልክቱን ማየት ነው የሚሻለው። የአክስቴ ልጅ በተከራየው አንድ ክፍል ውስጥ መስኮት ዘግቶ ምግብ ያበስል ነበር፤ ጥጉ ላይና ከቁምሳጥኑ ጀርባ ጥቁር ነጠብጣብ ወጣ፤ ፕላስቲኩ በክፍሉ በኩል ነበር የረጠበው። እርሱ የሚያስፈልገው መስኮት መክፈትና ቁምሳጥኑን ከግድግዳው ፈቀቅ ማድረግ ብቻ ነበር።

ሐይቁንም ያለ ጥፋቱ እንዳልከሰው፣ ጥፋቱ የሆነበትን ቤት ልንገራችሁ። እህቴ የምትኖረው ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ የሚወጣበት ወንዝ የለውም፤ ዝናቡ ሲበዛ ከፍ ይላል፤ በዚያ አካባቢ ጉድጓድ ሲቆፈርም ውሃው ቅርብ ነው። የእርሷ ግድግዳ አንድ ሜትር ላይ ብቻ አይደለም የረጠበው። በሁሉም ክፍል፣ ዙሪያውን፣ ጉልበት በሚያህል ከፍታ ላይ እንደ ቀበቶ ታጥቆ ይታያል፤ ውሃ በመጣበትና ባልመጣበት ቀንም ለውጥ የለውም። እርሷ ያደረገችው በውጭ በኩል አፈሩን ዝቅ ማድረግ፣ የዝናቡን ውሃ ከቤቱ የሚያርቅ ቦይ ማሠራትና የታችኛውን የዘይት ቀለም ማስነሣት ነው። ቀበቶው ወርዷል፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም። መሠረቱ ሲሠራ ከድንጋዩና ከግድግዳው መካከል እርጥበት የሚከለክል ፕላስቲክ ወይም ሬንጅ ቢደረግበት ኖሮ ይሻል ነበር፤ አሁን አዲስ ቤት የምትሠሩ ካላችሁ ያን ቀን ተገኝታችሁ በዓይናችሁ እዩት።

እኛ ቤት የ2016 ክረምት አልፎ ውሃ በፈረቃው ሲመጣ ከረመ። ነሐሴ ላይ በጣም እርጥብ በሆኑ ቀናት አንዳንድ ጊዜ የድሮው ምልክት ጥላ ብልጭ ይል ነበር፤ በብሎኬቱ ውስጥ የቀረው ጨው ከአየሩ ላይ እርጥበት ስለሚስብ ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ ይጠፋል፤ የእርሳስ መስመሬንም አልፎት አያውቅም። ቡፌው አዲስ ጀርባ ተሠርቶለት ከግድግዳው አንድ ስንዝር ርቆ ቆሟል። ሶኬቱ ወደ ሌላኛው ግድግዳ ተዛውሯል። በውጭ ግድግዳ ላይ የተዘረጋውን ቧንቧ የሚያዩ ሰዎች የቤቱን መልክ አበላሸው፣ ለምን በልስን አታስቀብሩትም ይሉኛል። እኔ ግን ማክሰኞና ዓርብ ሌሊት ውሃ ሲመጣ፣ ቆጣሪው ጋ ከመሄዴ በፊት እጄን እያስኬድኩ መገናኛዎቹን አንድ በአንድ እዳስሳቸዋለሁ።